«ደመወዝ፦ በስምምነት»

የሥራ ማስታወቂያ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊተች የሚገባው ሆኖ ሳለ፣ እስካሁን እንደ ተራ ወረቀት ሲታለፍ ኖሯል። ነገር ግን ከኮሌጅ የሚወጣ ወጣት ከማናቸውም ድርሰት ይልቅ ነቅቶ የሚያነበው ይህንኑ ነው። በአራት ኪሎ ሰሌዳዎች ፊት ተሰልፎ ሲያነበው የኖረውን፣ ዛሬ በቴሌግራም ቢያየውም፣ እያንዳንዱን ቃል መመዘኑ አልቀረም።

እንግዲህ ይህን አንባቢ የሚስበው ምንድን ነው? ጻፊዎቹ ምስጋና ይመስላቸዋል፤ «ማራኪ ደመወዝ»፣ «ምቹ የሥራ አካባቢ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከመደጋገማቸው የተነሣ ፍሬያቸው አልቋል። (በየስልክ እንጨቱ የሚለጠፈው «ልምድ አያስፈልግም» የሚለው ወረቀት ከሁሉ ይበልጥ ያባብላል፤ ከስልክ ቁጥር በቀር ግን የድርጅቱን ስም እንኳ አይጽፍም።) በእኛ አስተያየት የሚስበው፣ ሥራ ፈላጊው ሄዶ ለማመልከት ወይም ለመተው የሚያስችለው ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነና ስንት እንደሚከፈልበት ነው።

በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ አጻጻፉ ደረቅ ቢሆንም፣ ከብዙው የግል ድርጅት ማስታወቂያ ይሻላል። የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውንና ደመወዙን በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ደመወዙ ትንሽ ነው ቢባል እንኳ ትንሽነቱ አልተደበቀም። የግሉ ግን በዚያ ስፍራ «በስምምነት» ብሎ ያልፋል። ስምምነት ማለት ሁለት ወገኖች ተመካክረው የሚደርሱበት ነገር ነው፤ እዚህ ግን አንደኛው ወገን የያዘውን በጀት ያውቃል፣ ሁለተኛው ምንም አያውቅም። «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል ብዙ ቢል ይሰናበታል፣ ጥቂት ቢል በዚያው ይታሰራል።

ቀጣሪዎች ደመወዙ እንደ አመልካቹ ችሎታ ስለሚለያይ ነው ይላሉ። ይህ ከሆነ ከዚህ እስከዚህ ብሎ መጻፍን ምን ከለከለው? እኛ እንደምንጠረጥረው፣ የሚፈራው ቀድሞ የተቀጠረው ሠራተኛ አንብቦ እንዳያጉረመርም ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና ስሌት፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና የውሉን ቆይታ እንዲገልጽ ያዛል። ይህ የተነገረው ለውሉ እንጂ ለማስታወቂያው አይደለም። ሆኖም በውሉ ላይ መጻፉ የማይቀረውን ነገር፣ አመልካቹ ለአውቶቡስና ለፎቶ ኮፒ ገንዘቡን ሳያወጣ ቢያውቀው ምን እንደሚጐዳ አልታየንም። «ፆታ፦ አይለይም» ለሚል መስመር ቦታ የተገኘለት ወረቀት ለደመወዙ ቁጥር ቦታ አያጣም።

የሥራው ዝርዝርም ከዚህ አይሻልም። «ኦፊሰር» ይባላል፤ ፋይል ይይዝ እንደ ሆነ ወይም ዕዳ ይሰበስብ እንደ ሆነ አንባቢው በግምት ይቀራል።

ስለዚህ ኮሌጆች የደመወዝ ቁጥርና የሥራ ዝርዝር የሌለውን ማስታወቂያ በሰሌዳቸው ላይ ከመለጠፋቸው በፊት ለላኪው ድርጅት እንዲመልሱት እንጠይቃለን። ተመራቂ የሚፈልግ ድርጅት አሟልቶ ይልከዋል።