ፎቶው ዛፉን ያሳያል፤ ምክንያቱንስ?

«ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ገበሬው ጨፍጭፎ ጨረሰው።» ይህን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እስቲ በወሎ እንፈትነው።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ወሎ የደን መመናመን አንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ እውነት ነው ወይስ የእኛ ቅዠት? በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ የተነሱ ፎቶዎችን ይዘው ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ ቦታ ካነሱት ጋር አነጻጸሩ። አዲሶቹ ላይ የሚታየው ዛፍ በዛ እንጂ አልቀነሰም። ብዙውም ገበሬው ራሱ የተከለው ነው፤ በተለይ ባህር ዛፍ።

የጽሑፉ ትልቁ ብርታት ማስረጃውን ማንም መመርመር መቻሉ ነው። የ40 በመቶው ወሬ ግን ከጀርባው ልኬት የለውም።

ታዲያ ጉድለት የለውም? አለው። በምህንድስና መጀመሪያ የምንጠይቀው «መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?» ብለን ነው። ካሜራ የሚያየው ባለካሜራው የቆመበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ባህር ዛፍና አንድ ዋንዛ በቆጠራ እኩል ናቸው፤ ለማሳው ግን እኩል አይደሉም። ከሁሉም በላይ ፎቶ «ለምን ተከልከው?» ብሎ አይጠይቅም።

ሐይቅና አምባሰል ያለ አንድ ገበሬን አስቡ። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፣ ይሸጣል። ማሳ መሀል ያለ ዋንዛ ቅጠሉ አፈር ያለማል፣ ጣውላውም ውድ ነው፤ ግን ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ጥላው ሰብል ያቀጭጫል፣ ወፍም ይሰበስባል። መሬቱ ደግሞ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ንብረት አይደለም። ነገ ይዞታዬ ይነካል ብሎ የሚሰጋ ሰው የትኛውን ይመርጣል?

ስለዚህ መጠይቅ ይዛችሁ ብትወጡ «ዛፍ ይወዳሉ?» አትበሉ። ሁሉም «እንዴታ!» ይላችኋል። «ይህን ዋንዛ ልቁረጠው ቢሉ ማንን ያስፈቅዳሉ? ሲሸጥስ ገንዘቡ ለማን ነው?» በሏቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ገበሬውን አውዳሚ ካልነው የምንሰጠው ችግኝና ምክር ብቻ ይሆናል። ተካይ መሆኑን ከተቀበልን ግን የሚጎድለው ዋስትና ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይለናል። የክረሚ ፎቶዎች እስከዚህ ጥያቄ አድርሰውናል፤ መልሱን ማሳው ላይ ሄደን መፈለግ ያለብን እኛ ነን።