«ነገም ሌላ ቀን ነው»፦ ስለ አንድ ርእስ

ስለ ነቢይ መኮንን በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምናወራው ስለ ሲጋራው ወረቀት ነው። ነገሩ በእርግጥ ያስደንቃል። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ግዙፍ ልብ ወለድ 3,000 በሚያህሉ የሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ የሚፈቱ እስረኞችም ቁራጭ በቁራጭ ደብቀው አወጡለት። በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠራ፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ዐረፈ። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ስናደንቅ ሥራውን ሳንመረምር እንቀራለን። እኛ ዛሬ ርእሱን ብቻ እንመርምር።

በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ርእሱ «ከነፋስ ጋር ሄደ» እንደ ማለት ነው። ሙሾው ለጠፋ ዓለም ነው፤ ያ ዓለም ደግሞ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው የባሪያ አሳዳሪዎች ዓለም ነው። ነቢይ ይህን ርእስ ትቶ የመጽሐፉን መዝጊያ ሐሳብ አነሣ። ናፍቆቱን ጥሎ ጽናቱን ያዘ። ይህ የቃል ትርጉም ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነው እንላለን።

ግን አንድ ጉድለት አለበት። ባለታሪኳ ስካርሌት «ነገ» የምትለው ብዙ ጊዜ ዛሬ ልታስበው የማትደፍረውን ነገር ለመግፋት ነው። ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ርእስ ሲሆን ይህ ድክመቷ ይሰወርና ተስፋዋ ብቻ ይቀራል።

እኛ ስደተኞች ይህን ቃል በሁለቱም ፊቱ እናውቀዋለን። ጅቡቲ ከተማ ወርደን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስንሰለፍ በፈረንሳይኛ «ዱማን» እንባላለን። ማታ ደግሞ እርስ በርሳችን «ነገ ያልፋል» እንባባላለን። በመካከሉ ዛሬ ሳይሠራበት ይመሻል።

የርእሱን ጉድለት የሚሞላው የተርጓሚው ተግባር ነው። ነቢይ ከእስር ስወጣ፣ ወረቀት ሳገኝ፣ ጠረጴዛ ሲኖረኝ አላለም። የነገውን መጽሐፍ በዛሬው ፓኮ ላይ ጻፈው።

ከመካከላችን ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ የሚያውቁ ሞልተዋል። ይህች መጽሔት ራሷ በእጅ እየተገለበጠች ነው የምትደርሳችሁ፤ ስለዚህ የወረቀት እጦት ምክንያት አይሆነንም። ለሚቀጥለው እትም እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ትርጉም ይዛችሁልን ኑ። ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ጀምሩት።