ረከቦቱና ጥፊው፦ በባለፈው እትም ስለ ወጣው የባለቡናዋ ታሪክ

ባለፈው እትማችን ላይ የወጣው አጭር ልብ ወለድ በየብሎኩ ብዙ አነጋግሯል። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወደ እኛ የተመለሰው ቅጂ ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቶ ነው የመጣው። ባለቡናዋ ደንበኛውን በጥፊ በምትመታበት ገጽ ጎን አንዱ አንባቢ «እሰይ!» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በሌላ የእጅ ጽሕፈት «ዱቤውስ?» የሚል አለ። ይህን ሂስ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህ ሁለተኛው ቃል ነው።

ታሪኩን ላላነበበ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ስደተኛ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጀበና ጥዳ ቡና ትሸጣለች። ስም የላትም፤ ደራሲው «ባለቡናዋ» ብቻ ይላታል። ደግ አደረገ፤ ሁላችንም እናውቃታለንና። አንድ ደንበኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጣ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣል። ሒሳቡን በደብተር ያስጽፋል። ስኒ ስታቀብለው እጇን ይዞ ያቆያል። ባል እንዳላት፣ ከአገር ለምን እንደ ወጣች፣ ኬዟ የት እንደ ደረሰ ይጠይቃታል። እሷም አንዴ በሣቅ፣ አንዴ በዝምታ ታልፈዋለች። በመጨረሻ በጥፊ ትመታዋለች፤ የተቀመጠው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ታሪኩም ያበቃል።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን እናመስግን። በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ደንበኛ የምታስተናግድ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትገኘው በአንድ ዓይነት ቤት ነው። ነጋሽ ገብረ ማርያም እናኑ አጎናፍር በሚል የብዕር ስም በ1956 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ «ሴተኛ አዳሪ» ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም አንባቢውን የሚወስደው ወደ ውቤ በረሃ ነው። እነዚህ ድርሰቶች የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። የእኛ ደራሲ ያመጣት ሴት ግን የምትሸጠው ቡና ብቻ ነው፤ ጭቅጭቁም ሁሉ ያለው በዚያ «ብቻ» ላይ ነው። የአንድ ስኒ ዋጋ የከፈለ ሰው ከስኒው ጋር ሌላ ምን የገዛ ይመስለዋል? ያውም በዱቤ!

የካኩማን ገበያ የውጭ አጥኚዎች ቆጥረውታል። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ከ2,000 በላይ ሱቆች እንዳሉ አስፍሯል። ከባንኮኒው ወዲህና ወዲያ ሰዎች ምን እንደሚባባሉ ግን ከመካከላችን የሚጽፍ ካልተገኘ ማንም አይጽፈውም። ስለዚህም ደራሲውን በብርቱ እንወቅሰዋለን፤ ጉዳዩ ትልቅ ነውና።

ከመካከላችን አንዷ ለብዙ ዓመት ቡና የሸጠች ናት። ታሪኩን ጮክ ብላ ስታነብልን ጥፊው ላይ ስትደርስ ሣቀች። «በጥፊ ከመታሁትማ ዕዳውን ከፈለ ማለት ነው!» አለች። ደራሲው ደብተሩን መጀመሪያ ላይ አምጥቶ ኋላ ረስቶታል። ባለዕዳው እሱ ሆኖ ሳለ የምትፈራው እሷ ናት፤ ምክንያቱም ሰውየው ቢቀየም ገንዘቧንም ደንበኝነቱንም፣ ጓደኞቹንም ጭምር ይዞ ይሄዳል። በ2025 እ.ኤ.አ. እንዳየነው ራሽን ሲቀነስ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይጠፋል፣ ደብተሩ ይወፍራል። በማግስቱ በቧንቧ ሰልፍ ላይ ከጀርባዋ የሚቆመው ይኸው ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ፍርሃት በታሪኩ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ጥፊውን እናምነው ነበር። እነዚያ አጨብጫቢዎችስ ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ነበሩ? እዚያው ተቀምጠው ቡና ይጠጡ አልነበረም?

ሌላው ቅሬታችን ስለ ንግግሩ ነው። ደራሲው ሰውየውን በደንብ ሰምቶታል፤ ዱቤ ሲለምን «እህቴ»፣ ዱቤው ከተጻፈለት በኋላ «የኔ ቆንጆ» ይላታል። ይህን ያስተዋለ ጆሮ የሴትዮዋን አፍ እንዴት ሳይሰማ ቀረ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንተ» እያለች ትኖራለች። ያችው ጓደኛችን እንደ ነገረችን ግን፣ ሰው አልፎ ሲመጣባት የመጀመሪያው መከላከያዋ አንቱታ ነው። ትናንት «አንተ» ሲባል የነበረ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዛሬ በድንገት «ጋሼ፣ ቡናዎ ቀዘቀዘብዎ» ሲባል ምን ይበል? ተከብሯልና መቆጣት አይችልም። ነገር ግን የተቀመጠበትን ዱካ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ጎትታበታለች። አማርኛ ይህን የመሰለ አጥር በነጻ ሰጥቶን ሳለ ደራሲው አልተጠቀመበትም።

እጅ መያዙን ደራሲው በደል አድርጎ ጽፎታል፤ ጥያቄዎቹን ግን እንደ ተራ ጨዋታ ነው ያለፋቸው። በዚህ አንስማማም። ሰው ገላውን በልብስ ይሸፍናል፤ ከአገር ያስወጣውን ነገር የሚሸፍነው ግን በዝምታ ብቻ ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ መንገደኛ ያንን ሲጎረጉር፣ የተነገረው ነገር ማን ጆሮ እንደሚደርስ አይታወቅም። ጸጉር አስተካካዩም ልብስ ሰፊውም በየቀኑ ይህንኑ ይጠየቃሉ። (እኛም ጠይቀናል፤ ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው።)

የታሪኩ ምርጥ ቦታ ግን ብዙዎቻችሁ ያለፋችሁት አንድ መሥመር ነው። ሰውየው ዱካውን ወደሷ ሲያስጠጋ፣ ባለቡናዋ ረከቦቱን ሳብ አድርጋ በመካከላቸው ታስቀምጥና «እሳቱ እንዳይፈናጠርብህ» ትለዋለች። ሰውየው ገብቶታል፤ የተቀመጠው ሰው አላየም፤ ደብተሩም በቦታው ነው። በእርሳስ ግን እዚህ ላይ ማንም ምንም አልጻፈም። ደራሲው ራሱም ምን እንደ ጻፈ ያወቀ አይመስለንም፤ በሚቀጥለው መሥመር ስለ ፀሐይ መጥለቅ ያወራል። እኛ ብንሆን ፀሐይዋን ትተን እዚያ ረከቦት አጠገብ አንድ ገጽ ሙሉ እንቀመጥ ነበር። «እንዳይፈናጠርብህ» የሚለውንም «እንዳይፈናጠርብዎ» እናደርገው ነበር።

ከመካከላችን በዚህ ያልተስማማ አለ። «ረከቦት መሳብና አንቱ ማለት ስንት ዓመት ይበቃል? ሁልጊዜ መላ የምትፈልገው እሷ፣ ሰውየው ግን ሳያፍር ሊሄድ ነው?» ብሎ ተከራክሮናል። ይህን ክርክር እስከ ማታ ድረስ ይዘነው ቆይተን አልጨረስነውም። በጥፊው የተደሰተው አንባቢም ያለ ምክንያት «እሰይ» አላለም።

ደራሲው ክፍል ሁለትን እየጻፈ መሆኑን ሰምተናል። እንግዲያው የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ባለቡናዋ በማግስቱ ጀበናዋን ትጥዳለች ወይ? ከአጨብጫቢዎቹስ ስንቱ ይመጣል? ደብተሩስ ማን ዘንድ ነው?