የጎታች ጀልባ ጉልበትና አመራር፤ ከወንጪ ሐይቅ አንጻር

ስለ ጎታች ጀልባ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። ይህ አለካክ ጎዶሎ ይመስለናል። ባሕር በሌለበት በምዕራብ ሸዋ ይህን ማንሣታችን የሚገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ያለውን የወንጪን ሐይቅ ያስታውስ፤ ወደ ደሴቲቱ የቂርቆስ ገዳም የሚሻገረው ሰው ነፍሱን የሚያኖረው በጀልባ ላይ ነውና።

በቀድሞው ዓይነት ጎታች ፕሮፔለሩም መሪውም ከኋላ ናቸው። መሪው በደንብ የሚታዘዘው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ሲመታው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲቆም ወይም ወደ ኋላ ሲሠራ መሪው አብዛኛውን ኃይሉን ያጣል። ከዚህም የሚብሰው ገመዱ ከጀልባው ወገብ አጠገብ መታሰሩ ነው። የሚጎተተው መርከብ ወደ ጎን ሲያመልጥ ገመዱ ጎታቹን በጎኑ ስቦ ሊገለብጠው ይችላል። እዚህ ላይ የሞተሩ ብርታት አያድንም።

በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮርት ፕሮፔለሩን በቀለበት ከበበው። በዝግታ ሲጎተት ኃይሉ ጨመረ፤ የግልበጣው አደጋ ግን አልተወገደም። ኦስትሪያዊው ኤርንስት ሽናይደር ያሰበውና የፎይት ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ከጀልባው ሥር ቀጥ ብለው የሚዞሩ ክንፎች ያለ መሪ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይገፋሉ። መሣሪያው ወደ ፊት፣ ገመዱም ወደ ኋላ ሲሆን ግልበጣው ይቀንሳል። በአምቦ ጎዳና ጋሪ የሚነዳ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ፈረስ ከፊት የሚስበው ጋሪ ይከተላል፣ ከኋላ የሚገፋ ግን ይወላገዳል።

ይሁን እንጂ ይህንም ያለ ነቀፌታ አናልፈውም። መሣሪያው ውድና ውስብስብ ነው፤ በእኩል የሞተር ጉልበትም ቀለበት ካለው ፕሮፔለር ያነሰ ይጎትታል።

ለወንጪ የሚበጀው እንግዲህ ምንድን ነው? በእጀታ የሚዞር ትንሽ የጀርባ ሞተር ግፊቱን ራሱን ስለሚያዞር ለመምራት ይመቻል፤ ሲጠፋ ግን አመራሩም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ሞተር የገባበት ጀልባ መቅዘፊያውን አውጥቶ መጣል የለበትም። ሌላ ጀልባ የሚጎትት ከሆነም ገመዱ የት እንደሚታሰርና በችግር ጊዜ እንዴት ቶሎ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ይወሰን። ሞተር የሚገዛ ሰው ከፈረስ ጉልበቱ በፊት እነዚህን ቢጠይቅ የተሻለ ነው እንላለን።