ስለ ፍለጋ ትእዛዝና ስለ ዝምታው

ጽሕፈትን ሥራዬ ብሎ ለያዘ ሰው ሁሉ፥ ፕሮግራም ቢጽፍም መጽሐፍ ቢያሰናዳም፥ በፎልደር ውስጥ ፎልደር፥ በዚያም ውስጥ ሌላ ፎልደር እየሆኑ የተበተኑትን ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ አስመርምሮ፥ የሚሻው ቃል በየትኛው ፋይል በስንተኛው መስመር እንደሚገኝ ማወቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ኢማክስ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ይህን ግብር የሚፈጽመው ትእዛዝ አርግሬፕ ሲሆን፥ ጠሪውን የሚጠይቀው ምን ይፈለግ፥ በምን ዓይነት ፋይሎች ይፈለግ፥ ከየትኛው ፎልደር ይጀመር የሚለውን ብቻ ነው። ጥያቄው እንዲህ አጭር ስለ ሆነ ፈላጊው ኢማክስ ራሱ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢማክስ አንድ ረዥም የትእዛዝ ዐረፍተ ነገር አቀናብሮ ትእዛዝ አስፈጻሚ ለሆነው ለሼል ከመስጠት በቀር በፍለጋው ሌላ ድርሻ የለውም። ሼሉ ፋይንድን ይጠራል፤ ፋይንድ በፎልደሮቹ ሁሉ እየዞረ የፋይሎቹን ስም ይሰበስባል፤ ፋይሉን ገልጦ የሚያነበው ግን ኬን ቶምሰን በቤል ላቦራቶሪ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1973 ከዩኒክስ ጋር የወጣው ግሬፕ ነው። እንግዲህ መልእክቱ በአራት እጅ የሚያልፍ ከሆነ፥ ፍለጋው በተሰናከለ ጊዜ አስቀድሞ የሚመረመረው ከአራቱ ተልእኮውን ያጓደለው ማን እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ ምርመራ በር የሚከፍተው የተላከውን ዐረፍተ ነገር በዓይን ማየት ነው። አርግሬፕን ከመጥራቱ በፊት ኮንትሮልንና ዩን አብሮ ለተጫነ ሰው፥ የተቀናበረው ትእዛዝ ገና ሳይላክ ይታይለታል፤ ያንኑ ገልብጦ በተርሚናል ቢያስኬደውና በዚያ ቢሠራለት፥ በኢማክስ ውስጥ ግን እንቢ ቢለው፥ ጥፋቱ የትእዛዙ ሳይሆን የአካባቢው ነው ማለት ነው። በማክ ኮምፒዩተር ምስሉን ተጭነው የከፈቱት ኢማክስ፥ ተርሚናሉ የሚያውቃቸውን የፕሮግራም መገኛዎች ስለማይወርስ ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በዊንዶውስ ደግሞ ፋይንድ የተባለ ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ አለ፤ ስሙ አንድ፥ ግብሩ ግን ልዩ ነው፤ ፎልደር መዞሩን ትቶ በፋይል ውስጥ ቃል ይፈልጋልና፥ የዩኒክሱን ትእዛዝ በተቀበለ ጊዜ አጻጻፉ ልክ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። መድኀኒቱ የጂኤንዩን ፋይንድ አስገብቶ ሙሉ መገኛውን ለኢማክስ መንገር ነው።

እንዲህ በግልጽ የሚጮህ ስሕተት ግን ቀላል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስሕተት ሳይኖር ጩኸት ይሰማል። ግሬፕ የፈለገውን ሲያገኝ 0፥ ሲያጣ 1፥ እክል ሲገጥመው 2 የሚል ቍጥር ይመልሳል፤ በአንዳንድ ቅንብር በፋይንድና በግሬፕ መካከል ገብቶ፥ ፋይሎቹ ብዙ ሲሆኑ ስማቸውን በጭፍራ በጭፍራ ከፍሎ ለግሬፕ የሚያቀርበው ኤክሳርግስ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ፥ ከጭፍሮቹ አንዱ እንኳ ባዶውን ከተመለሰ በጠቅላላው 123 ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ቃሉ በሌላው ጭፍራ ውስጥ ተገኝቶ መስመሩ በገሃድ ተዘርዝሮ ሳለ፥ ኢማክስ ከሥር ፍለጋው በወጉ አልተፈጸመም ብሎ ሲጽፍ ይታያል፤ ይህን ያየ ጀማሪ ምንም ያልጐደለውን ነገር ሊያበጅ ይደክማል።

የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ምንም አልተገኘም የሚለው ቃል፥ ፈልጌ አጣሁ ማለትም፥ ከነጭራሹ አልፈለግሁም ማለትም ሊሆን ይችላል። አርግሬፕ በልማዱ ጊትን የመሳሰሉ የታሪክ ማኅደሮችን ሳይገባ ያልፋል፤ ፋይንድም ወደ ሌላ ስፍራ የሚያመለክት ማያያዣ በሆነ ፎልደር ውስጥ አይወርድም። በቅርብ ዓመታት እትሞች ደግሞ የሚዘለሉት ፎልደሮች ዝርዝር በሦስት ነጥብ አጥሮ ኅቡእ ሆኗል፤ ገጹን ለማሳመር ታስቦ ይሆናል፤ እኔ ግን ለመርማሪ ከሁሉ የሚያስፈልገውን መስመር መሸሸግ ነው እላለሁ፤ የሚከፍተውንም ቅንብር እከፍተዋለሁ።

በአማርኛ ፋይሎች ለሚፈልግ ሰው ዝምታው ሌላም ምክንያት አለው፤ ለዚህም ምስክሩ በኢማክስ ውስጥ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣ፥ የብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ የተሰበሰበበት ሄሎ የሚባል ፋይል አለ፤ በዚያ ውስጥ የአማርኛው ሰላምታ «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፎ ይገኛል። በእሳቱ ሰ «ሰላም» ብሎ የፈለገ አያገኘውም፤ ሞክሼ ፊደላት ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለግሬፕ ፍጹም የተለያዩ ናቸውና። በቀድሞዎቹ እትሞች ደግሞ ይኸው ፋይል ዛሬ በተለመደው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዐት በዩቲኤፍ 8 ሳይሆን አይኤስኦ 2022 በተባለ ሌላ ሥርዐት የተቀመጠ ስለ ነበረ፥ ሆሄውን አስተካክሎ የጻፈ ሰው እንኳ አያገኘውም ነበር። ኢማክስ ሥርዐቱን ዐውቆ ፊደሉን አሳምሮ ያሳየናል፤ ግሬፕ ግን የሚያነበው ከበስተኋላ ያለውን ባይት ብቻ ነው። የድሮ የአማርኛ ፎንቶች፥ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፥ የላቲኑን ቍጥር ለግእዙ ቅርጽ ሰጥተው ይሠሩ ስለ ነበር፥ በእነርሱ የተጻፉትም ሰነዶች እንዲሁ ናቸው።

ሁለቱን ሆሄያት በማዕዘን ቅንፍ አስገብቶ [ሰሠ]ላም ብሎ መጻፍ መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የኮምፒዩተሩ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ 8 መሆን አለበት። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዚያ ሥርዐት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፥ ፊደል የማያውቅ ቅንብር በቅንፉ ውስጥ ያሉትን ባይቶች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የሠ መጨረሻ ባይትና የበ መጨረሻ ባይትም አንድ ስለ ሆነ፥ ሰላምን የፈለገ ሰው «በላም» የሚል መስመር ይቀርብለታል።

ስለዚህ አንባቢዬ፥ ቃሉ በፋይሎችህ ውስጥ የለም ብለህ ከመፍረድህ በፊት፥ በዚያው ፎልደር መኖሩን በዓይንህ ያየኸውን ሌላ ቃል በዚያው ትእዛዝ አስፈልግ፤ እርሱንም ካጣው ትእዛዙን መርምር።