ገደል የማሳየት ሙያ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ተብሎ ነው። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህ ጥያቄ ብዙም አይረባም። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ አይራራቁም፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። መንገዱ ግን በለጋምቦ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ አቀስታን አልፎ ነው መካነ ሰላም የሚደርሰው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ልሻገር ያለ ደግሞ ዓባይ ድረስ ወርዶ እንደገና ሊወጣ ነው። በዚህ አገር ጉዞ የሚታቀደው በዳገትና በቁልቁለት፣ ከዚያም በፀሐይ ነው።

ኖርዌይና ስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእረፍት ሲመጡ እዚያ የለመዱትን ዓይነት የፊዮርድ ጉዞ ይጠይቃሉ። አልፈርድባቸውም። ፊዮርድ ማለት በረዶ ቦርቡሮት ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው፤ ትልቁ ሶግነፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ የብስ ዘልቆ ይገባል፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ጎብኚው መርከብ ላይ ቁጭ ብሎ ተራራውን ሽቅብ ያያል። ወደ ውሃው የሚወስደው የፍሎም ባቡርም በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ860 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርደዋል። እዚያ የጉዞ አዘጋጅ ዋና ሥራው የባቡሩንና የመርከቡን ሰዓት ማገናኘት ነው። በበጋቸው ፀሐይዋ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል ስለሆነ ብርሃን አለቀብኝ ብሎ የሚጨነቅ የለም።

የእኛን ገደል የቆፈረው ወንዝ ነው። ላዩ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ዓባይና ገባሮቹ በሺሎና ወለቃ ይህን ሁሉ ቆርጠው ወርደዋል። ውሃው ከታች፣ ሰው ከላይ ነው። እንግዳው የሚያየው ቁልቁል ስለሆነ፣ የት ቆሞ በስንት ሰዓት ያያል የሚለው የሙያው ግማሽ ነው።

በወሎ በኩል ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎጃም ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ከጀርባው ሆና የማዶውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ታበራለታለች፤ እርከኑ፣ መንደሩ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ይለያል። ከቀትር በኋላ እዚያው ቦታ ቢመለስ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፣ ጎጃምም አንድ ግራጫ ግድግዳ ሆና ትቀራለች። ጎጃም አፋፍ ላይ ለቆመ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእሱ የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት መካነ ሰላም አካባቢ አይቶ፣ ወደ ጉንደወይን በሚወስደው መንገድ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ከሰዓት በኋላ ከጎጃም ወደ ወሎ ዞሮ የሚያይ መንገደኛ በሁለቱም በኩል ብርሃኑ ያግዘዋል። በተቃራኒው የመጣ በሁለቱም በኩል ይከስራል። መንገዱ አንድ ነው፣ ነዳጁም አንድ ነው፤ ይህን የሚያሰላ አስጎብኚ ግን ብዙ አላየሁም። አብዛኛው የጉዞ መርሐ ግብር የሚጻፈው አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ የመኪናውን የኪራይ ቀን ለማሳጠር ነው።

ወቅቱንም መምረጥ ያሻል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት አየሩ ታጥቦ ስለሚቆይ ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥም ጥሩ ናቸው፤ ሌሊቱን ግን የለጋምቦ ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ከዚያ በኋላ አቧራና ጭስ ሸለቆውን ያደበዝዙታል፤ በልግ ከዘነበ ደግሞ ጉም ተኝቶበት ይውላል።

ይህን መሬት አለማስላት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የሚሻ የ1860 ዓ.ም.ን ታሪክ ያንብብ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በዓመቱ መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ጅጣንና በሺሎን በሚያህሉ ገደሎች ላይ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በበኩሉ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ በሚያዝያ መጀመሪያ በሺሎን ተሻገረ። እንግዳን በሺሎ አፋፍ ላይ አቁሜ ይህን ስነግረው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ገደሉን እንደገና ያያል።

ሰው ቁልቁል ማየት ሲሰለቸው የቦረና ሳይንት ፓርክ አለ። የፓርኩ ደንቆሮ ጫካ ከ1,900 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ የሚወጣ ስለሆነ በአንድ ቀን እግር መንገድ ከጽድና ከኮሶ ተነሥቶ አስታውን አልፎ ጅብራው ዘንድ ይደረሳል። ጭላዳ ለእንግዳ ቃል እገባለሁ፤ ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ አይታጣም። ቀይ ቀበሮ ግን በቀን ቢያድንም ቃል አልገባም፤ ቃል የሚገባም አስጎብኚ አይመኑ። አማራ ሳይንት ድረስ የሚዘልቅ ካለ ተድባበ ማርያምን መሳለም አለበት፤ ከጥንታውያኑ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ረቡዕና ዓርብ የጾም መሆኑን የዘነጋ ጉዞ አዘጋጅ እንግዳውን ሥጋ ፍለጋ ሲያንከራትተው ይውላል። በቅሎም ቢፈለግ ዋዜማውን መነጋገር ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ግን ብርሃንም ወቅትም ከጸጥታው ቀጥለው የሚመጡ ነገሮች ሆነዋል። አዋጁ ቢያበቃም የጉዞ ዕቅድ የሚጀመረው አሁንም በስልክ ነው። ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት መካነ ሰላምም አቀስታም ወዳሉ ሰዎች ደውሉ፤ «መኪና ይገባል? ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። «ኑ» ካሏችሁ ደግሞ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ፣ ጉዟችሁንም ከጎጃም ሳይሆን ከደሴ ጀምሩ።