«እኔ ጋ ይሠራል!»፦ ዛምፕ ሲመዘን

ፒኤችፒ መማር ስትጀምሩ ቶሎ ከምትሰሟቸው ምክሮች አንዱ «ዛምፕን ጫኑ» የሚል ነው። እኔም የጀመርኩት በሱ ነው። ዛሬ ግን እስቲ እንመዝነው፦ የቱ ጋ ይጠቅመናል? የቱ ጋስ ያታልለናል?

መጀመሪያ፣ ለምን አስፈለገ? ኤችቲኤምኤል ብቻ የያዘ ፋይልን ሁለቴ ጠቅ ብታደርጉት ብራውዘሩ ይከፍተዋል። ፒኤችፒ ግን እንዲህ አይደለም። ኮዱን የሚያስኬደው ሰርቨሩ ነው፤ ከዳታቤዝ የሚፈለገውን ያመጣና ያለቀለትን ገጽ ለብራውዘሩ ያቀብላል። ስለዚህ ለመለማመድም ሰርቨር ያስፈልጋል። ሎካል ሰርቨር ሲባል ያው የራሳችሁ ኮምፒውተር ጠያቂም መላሽም ሆነ ማለት ነው። ብራውዘሩ ላይ «ሎካልሆስት» ብላችሁ ስትጽፉ ጥያቄው ወደ 127.0.0.1 ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ እዚያው ማሽኑ ራሱ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። የሞባይል ዳታ እየቆጠበ ለሚማር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዛምፕ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2002 የተመሠረተው አፓቼ ፍሬንድስ የተባለ ፕሮጀክት አፓቼን፣ ዳታቤዙን (ዛሬ ማሪያዲቢ ነው)፣ ፒኤችፒንና ፐርልን በአንድ ጥቅል ያቀርባል። ትጭናላችሁ፣ «ስታርት» ትላላችሁ፣ ፋይላችሁን ኤችቲዶክስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ አለቀ። እነዚህን አንድ በአንድ አስገብቶ ለማገናኘት የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስ ያውቀዋል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። እውነተኛው ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ግማሹ ሥዕል ጠፋ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፦ የፋይሎቹን ስም በትልቁ የላቲን ፊደል ጀምሬ፣ ኮዱ ውስጥ ግን በትንሹ ጽፌያቸዋለሁ። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። አብዛኛው የድረ ገጽ ሰርቨር ደግሞ ሊኑክስ ነው። በኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ ዓይናችንም ቶሎ አይይዘውም። ዛምፕ ስህተቴን አልፈጠረም፤ ግን ለወራት ደበቀልኝ።

ሁለተኛው ልማድ ነው። ዛምፕ እንደተጫነ የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ፣ «ሩት» የሚባለው፣ የይለፍ ቃል የለውም። አዘጋጆቹ ይህን አልደበቁም፤ ጥቅሉ ለልምምድ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራሉ። ታዲያ የይለፍ ቃሉን ቦታ ባዶ እየተወ ኮድ መጻፍ የለመደ እጅ፣ እውነተኛው ሰርቨር ላይ ሲደርስ በአንድ ቀን ይታረማል?

ሦስተኛው ዝምታው ነው። «ስታርት» ብላችሁ አፓቼ እምቢ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ነው። ፖርት ምን እንደሆነ ያልተማረ ሰው ግን ዛምፕን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ቁልፍ መጫን ተምሯል፤ ሰርቨር ግን አልተማረም።

እና ልተወው? አትተዉት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሱ የሚቀል ብዙ አታገኙም። ፒኤችፒ ራሱም ከ2012 ወዲህ ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ሰርቨር ይዞ ይመጣል፤ እሱም ግን በዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የዊንዶውስን ጠባይ ይወርሳል። መሠረቱን ከያዛችሁ በኋላ ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን አስገብታችሁ አፓቼንና ዳታቤዙን በእጃችሁ ጫኑ። ዶከርም ጥሩ አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ ሲወርድ ግን ዳታ ይበላል።

የሙከራ ሰርቨር ዋጋው የሚለካው እውነተኛውን በመምሰሉ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ዛሬውኑ ፈትኑት፦ ኮዳችሁ ውስጥ ካለ የሥዕል ፋይል ስም አንዱን ፊደል ትልቅ አድርጉና ገጹን እንደገና ክፈቱ። ሥዕሉ አሁንም ከታየ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ከማለታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።